የድብርት መድኃኒት እና ብዙ የማይነገርላቸው የሰውነት ምልክቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድብርት መድኃኒት ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ እንቅልፍ መዛባት ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይቀላሉ። እዚህ የምናነሣቸው ሌሎቹን ነው፦ ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ ሳይመቱ መበለዝ፣ ራስ ውስጥ የሚሰማ ንዝረት፣ ቁጭ ማለት እስኪያቅት መቁነጥነጥ። ሰው እነዚህን ከሚውጠው ክኒን ጋር ስለማያገናኛቸው «ወባ ነው»፣ «ነርቭ ነው» እያለ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። ወይም ደንግጦ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ያቆማል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ለስሜት የተሰጠ ክኒን ከላብ፣ ከደም፣ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው?

ፍሎክሴቲን፣ ሰርትራሊን፣ ኢሲታሎፕራም፣ ሲታሎፕራምና ፓሮክሴቲን የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚባለው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ሴሮቶኒን ደግሞ የአንጎል ብቻ አይደለም። አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ይሸከሙታል። ቬንላፋክሲንና ዱሎክሴቲን ኖርአድሬናሊንንም ስለሚነኩ ላብና የደም ግፊት ላይ ይደርሳሉ። አሚትሪፕቲሊንና ኢሚፕራሚን የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ምራቅን፣ ዓይንን፣ ሽንትንና አንጀትን የሚያዙ ነርቮችን መልእክት ስለሚያግዱ ያደርቃሉ ወይም ያዘገያሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ «ብዙም የማያጋጥም» ሲል ስንት ሰው ማለት ነው?

ቃላቱ የተወሰነ ልክ አላቸው። «በጣም የተለመደ» ከ10 ተጠቃሚ ቢያንስ 1 ሰው፣ «የተለመደ» ከ100 ሰው ከ1 እስከ 10፣ «ብዙም የማያጋጥም» ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 10፣ «እምብዛም የማይታይ» ከ10,000 ሰው ከ1 እስከ 10 ማለት ነው። ቁጥሩ ግን የሁሉም ሰው አማካይ ነው። ለ25 ዓመት ወጣት እምብዛም የማይታየው በደም ውስጥ ያለው የሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) መቀነስ፣ የግፊት ክኒን ለሚወስዱ የ70 ዓመት እናት በደንብ የሚያሰጋ ነገር ነው።

ምልክቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሌላ ነገር በምን ለይቼ አውቃለሁ?

በቀን። ደብተር ወይም ስልክዎ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ መድኃኒቱን የጀመሩበትን ቀን፤ መጠኑ የተቀየረበትን፣ የተዘለለበትን ወይም ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት የሰጠበትን ቀን፤ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን። ከዚያ በመካከል የገባውን ሌላ ነገር ሁሉ ይጨምሩ፦ የጀርባ ሕመም መርፌ፣ የሳል ሽሮፕ፣ የባህል መድኃኒት፣ ጫት።

ከመጀመሪያው ዕለት እስከ ሁለት ሳምንት፣ ወይም መጠኑ በጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ምልክት መድኃኒቱን ያስጠረጥራል። ከተዘለለ ከአንድ እስከ አራት ቀን ውስጥ የመጣ ከሆነ ደግሞ የማቋረጥ ምልክት ሊሆን ይችላል። ክኒኑን ከመጀመርዎ በፊት የነበረ የልብ ምት መጨመር ወይም ላብ ከጭንቀቱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ይጻፉ። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «አንዳንዴ ያመኛል» ከማለት ይልቅ ይህን ወረቀት ማሳየት የግማሽ ሰዓት ጥያቄ ያሳጥራል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትራሱ ርሶ እነቃለሁ። ምን ላድርግ?

በሴሮቶኒን መድኃኒቶችና በቬንላፋክሲን የሚመጣ ላብ ከሚነገርለት በላይ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል። በተለይ ራስ፣ አንገትና ደረት ላይ ይበረታል፤ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥም አይቀርም። መድኃኒቱ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ስለሚነካ ነው። ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ማዞር አንዳንዱን ይቀለዋል። ካልሆነ መጠን መቀነስ ወይም መድኃኒት መቀየር የሐኪም ውሳኔ ነው።

አንድ ነገር ግን በመድኃኒቱ አያመካኙ። ላቡ ሁለት ሳምንት ከሆነው ሳል፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች ሙቀት ውስጥ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። አሚትሪፕቲሊን ላብን ሊያግድ ይችላል፤ ማላብ ያልቻለ ሰውነት ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይመታል። ቆዳዎ ደርቆ እየጋለ ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ ወዲያው ወደ ጥላ ይግቡ፣ ሰውነትዎን በውሃ ያቀዝቅዙ፣ እርዳታ ይጥሩ።

ሳልመታ እበልዛለሁ፤ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ከክኒኑ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ሊታወቅ የሚገባው ነገርም ነው። ፕሌትሌቶች ሴሮቶኒንን ራሳቸው አይሠሩም፤ ከደም ውስጥ ይለቅሙታል፤ ቁስል ሲያጋጥም ለቀው ደሙን ለማርጋት ይጠቀሙበታል። መድኃኒቱ የሚለቅሙበትን በር ስለሚዘጋ በሳምንታት ውስጥ ባዷቸውን ይቀራሉ። የፕሌትሌት ቁጥር ምርመራው ደህና ሊሆን ይችላል፤ የተዳከመው ሥራቸው ነው። ሰርትራሊን፣ ፍሎክሴቲንና ፓሮክሴቲን ላይ ይበረታል፤ ሚርታዛፒንና ቡፕሮፒዮን በሚባሉት ሌሎች የድብርት መድኃኒቶች ላይ ያንሳል።

ክኒኑ ብቻውን ሲሆን አደጋው ትንሽ ነው። የሚያባብሰው አብሮት የሚወሰደው ሌላ መድኃኒት ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ወደ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ያለ ማዘዣ ዲክሎፌናክ ይገዛል፣ ወይም መርፌውን ይወጋል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ ከድብርቱ መድኃኒት ጋር ሲገናኙ የጨጓራ መድማት ዕድል በጣም ይጨምራል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰውም እንዲሁ። ስለዚህ፦

- ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይምረጡ። ለአዋቂ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የጉበት ችግር ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንለት።
- ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፒሪን በራስዎ አያቁሙ። ጨጓራን የሚጠብቅ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ መድኃኒት አብሮ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።
- ጥርስ ከመነቀልዎ ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚወስዱትን ስም ጠርተው ይናገሩ። ብዙ ሰው ይህን ክኒን መናገር ያፍራል፤ ለጥርስ ሐኪሙ ግን ከግፊት ክኒን ያላነሰ ያስፈልገዋል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ትውከቱ የቡና አተላ ከመሰለ፣ ወይም ነስር አፍንጫን ጨብጠው 20 ደቂቃ ቆይተው ካልቆመ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። የብረት ክኒንም ሰገራን ያጠቁራልና የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ፤ ግን በራስዎ «ከብረቱ ነው» ብለው አይተዉት።

እናታችን መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ነገር ይረሳሉ፣ ይንገዳገዳሉ። እርጅና ነው?

እርጅና ከመባሉ በፊት የደም ሶዲየም ይታይ። መድኃኒቱ ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘው ሆርሞን ከልክ በላይ እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ውሃው ሲበዛ ሶዲየሙ ይቀጥናል። የሚከሰተው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ወር ነው። ይበልጥ የሚያሰጋቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሴቶች፣ ክብደታቸው ያነሰ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የሚያሸና የግፊት ክኒን የሚወስዱ ናቸው። ይህ ክኒን በብዙ ቤት አለ።

ጤነኛው መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ትንሽ ሲወርድ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ምግብ መዝጋትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ ምልክቶች ድብርት ራሱን ይመስላሉ። ቤተሰብ «አልተሻላቸውም» ይላል፣ የክኒኑ መጠን ይጨመራል፣ ሶዲየሙ ይብስ ይወርዳል። ከ125 በታች ሲደርስ መቃዠት፣ መውደቅ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል።

ምርመራው ኤሌክትሮላይት ይባላል፤ ከክንድ ደም ተወስዶ ይሠራል። ለአረጋውያን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት አንዴ፣ ከተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሌላ አንዴ እንዲታዘዝ ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ጨው በማብላት ወይም ውሃ በማብዛት ለማስተካከል አይሞክሩ። ውሃ ማብዛት ያባብሰዋል። በጣም የወረደ ሶዲየም በፍጥነት ሲመለስም አንጎልን ስለሚጎዳ ሆስፒታል ውስጥ እየተለካ ቀስ ተብሎ ነው የሚስተካከለው።

ሁለት ቀን ስዘል ራሴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ይነዝረኛል። አንጎሌ ተጎድቶ ይሆን?

ብዙ ሰው በአንድ ዓይነት ቃል ይገልጸዋል፦ ዓይኑን ወደ ጎን ሲያዞር «ዝዝ» የሚል ንዝረት በራሱ ውስጥ ያልፋል፣ ለቅጽበት ያዞረዋል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ያስደነግጣል እንጂ አንጎልን እንደሚጎዳ አይታወቅም። የማቋረጥ ምልክት ነው፤ ከማቅለሽለሽ፣ ከንዴት፣ ከሚያስጨንቅ ሕልምና ጉንፋን ከመሰለ ስሜት ጋር ይመጣል። ሱስ ያዘኝ ማለትም አይደለም፤ ሰውነት ከለመደው ነገር በድንገት ሲለይ የሚያሳየው ነው። ከሰውነት ቶሎ በሚወጡት ፓሮክሴቲንና ቬንላፋክሲን ይብሳል። ፍሎክሴቲን ለሳምንታት ስለሚቆይ እምብዛም አይታይበትም።

በእኛ ዘንድ መድኃኒት በድንገት የሚቋረጥባቸው ሦስት አጋጣሚዎች አሉ፦ ጾም፣ ጸበል እና ከፋርማሲ መጥፋት። በጾም ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰድ ክኒን ሰዓቱን ማዛወር ይቻላል፤ በረመዳን በኢፍጣር ወይም በሱሁር፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከጾሙ ሰዓት በኋላ። ከመጀመሩ ሳምንት ቀደም ብለው ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት። ጸበል ሲሄዱ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ፤ ጸበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ለፋርማሲው ደግሞ የቀረው ሰባት ፍሬ ሲሆን ፍለጋ ይጀምሩ፤ በመጨረሻው ቀን ማግኘት አይተማመኑበት።

ማቆም ሲወሰን በደረጃ ነው። ለምሳሌ ሰርትራሊን 100 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 25 ሊወርድ ይችላል፤ በየደረጃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየቆየ። ብዙዎች የሚሰናከሉት መጨረሻው ላይ ነው። ትንሹ መጠን ራሱ አብዛኛውን የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚሠራ፣ ከ25 ወደ ዜሮ መውረድ ለአንጎል ከ100 ወደ 75 ከመውረድ የበለጠ ዝላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ደረጃዎች ያሳንሱ፣ ጊዜውን ያርዝሙ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን የቬንላፋክሲን እንክብል ግን አይጨፍልቁት፤ የአንድ ቀኑ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። አንድ ቀን ከተዘለለ በዚያው ዕለት ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ በማግሥቱ ሁለት አይዋጥም።

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ጭንቀቱ ብሶብኝ ነው?

ላይሆን ይችላል። ይህ መቁነጥነጥ አካቲዝያ ይባላል። ሰውየው ቆሞ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልሳል፤ ማዕድ ላይ ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ይነሣል፤ ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ሲመላለስ ያድራል። ሲጠየቅ «ከቆዳዬ መውጣት ፈለግሁ» ይላል። ጭንቀት በሐሳብ ይጀምራል፤ ይህ ከእግርና ከሰውነት ይጀምራል፣ ሲራመዱ ትንሽ ይቀላል። የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም መጠን ሲጨመር ነው። ለትውከት የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ያመጡታል።

ይህን በትዕግሥት አይለፉት። ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊያነሣሣ ስለሚችል በዚያው ዕለት ለሐኪም ይነገር፤ ሰውየው ብቻውን አይደር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2004 ለሕፃናትና ለታዳጊዎች፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች በመድኃኒቶቹ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክትትል ስለሚያስፈልጋቸው ነው። መፍትሔው አለ፦ መጠን መቀነስ፣ መቀየር፣ ወይም ለጊዜው የሚያረጋጋ መድኃኒት መጨመር።

ጥርሴን አፋጫለሁ፤ እንቅልፍ ሳይኖረኝ አዛጋለሁ።

ሁለቱም በሴሮቶኒን መድኃኒቶች ይከሰታሉ። ማዛጋቱ ጉዳት የለውም። ማፋጨቱ ግን ጥርስ ይበላል። ጠዋት መንጋጋና ጆሮ ግንድ አካባቢ ሕመም፣ ወይም አጠገብዎ የሚተኛው ሰው የሚሰማው ድምፅ ካለ ይናገሩ፤ መጠኑ ይታያል፣ የጥርስ ሐኪምም የሌሊት መከላከያ ይሠራል።

ወባ ቢይዘኝ ወይም ሌላ መድኃኒት ቢታዘዝልኝስ?

የወባ መድኃኒት አያቆዩ፤ ወባ ቶሎ ይገድላል። ነገር ግን የሚወስዱትን ክኒን ካርቶን ይዘው ይሂዱ። ሲታሎፕራምና ኢሲታሎፕራም የልብን የኤሌክትሪክ ምት ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ለዚህም ነው ሲታሎፕራም በቀን ከ40 ሚሊ ግራም፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከ20 የማያልፈው። የወባ መድኃኒቶቹ ኩዊኒን፣ ክሎሮኪንና ኮአርተም፣ አንቲባዮቲኮቹ አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲንም በተመሳሳይ አቅጣጫ ይገፋሉ። ኮአርተም በተጨማሪ አሚትሪፕቲሊን በደም ውስጥ እንዲጨምር ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሊያነሣ ወይም ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል። ራስ መሳት ወይም የልብ መዝለል ስሜት ካለ አይጠብቁ።

ሁለተኛው ስጋት የሴሮቶኒን መብዛት ነው። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ውስጥ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋን፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ፣ በውጭ አገር ሱቅ የሚሸጠው የዕፅ መድኃኒት ሴንት ጆንስ ዎርት ሁሉ ያመጡታል። አዲሱ መድኃኒት በተጨመረ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ መቅበጥበጥና ትኩሳት ይከተላል። የሚለየው ምልክት እግር ላይ ነው፦ በሽተኛው ተኝቶ የውስጥ እግሩ ወደ ላይ ገፋ ሲደረግ ቁርጭምጭሚቱ ደጋግሞ ይርገበገባል። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። ሪፋምፒሲን በበኩሉ ሰርትራሊንን ስለሚያዳክም የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ድብርቱ ቢመለስ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ለራስ ምታት ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ተሰጠኝ። እኔንም ይመለከተኛል?

አዎ። ለማይግሬንና ለነርቭ ሕመም በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ስለሚታዘዝ ብዙዎች የድብርት መድኃኒት መሆኑን አያውቁም። የፕሮስቴት እጢ ያበጠባቸው ወንዶች ሽንት ጨርሶ ሊዘጋባቸው ይችላል። ለዓይን ግፊት የተጋለጠ ሰው ዓይኑ በድንገት ቀልቶ ቢያመው፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ቢያይና ቢያስመልሰው በሰዓታት ውስጥ ዓይን ሐኪም ካላገኘ ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል። ሆድ ተነፍቶ ንፋስም ሰገራም ካቆመ እንዲሁ አይጠበቅም።

ፀጉሬ ይረግፋል፤ ቆዳዬ ላይም ሽፍታ ወጣ።

የፀጉር መርገፍ ብዙም የማያጋጥም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ሲቀየር ይመለሳል። ታይሮይድና የደም ማነስ ግን አብረው ይመርመሩ። ሽፍታ ሲወጣ ቶሎ ይታዩ። ከንፈርና አፍ ከቆሰለ፣ ቆዳ ከተላጠ ወይም ፊት ካበጠ ቀጣዩን ክኒን ሳይወስዱ ሆስፒታል ይሂዱ። ሚርታዛፒን እየወሰዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከመጣ የነጭ ደም ሴል ቁጥር ይታይ።

ለመናገር የማፍራቸው ነገሮች አሉ።

ሐኪሙ ሰምቷቸው ያውቃል። የብልት መደንዘዝ፣ እርካታ መዘግየት፣ ሳይወልዱ ከጡት ወተት መውጣት በእነዚህ መድኃኒቶች ሊመጡ ይችላሉ። የወሲብ ችግሩ በአንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሊቀጥል ስለሚችል የአውሮፓ መድኃኒቶች ተቆጣጣሪ በ2019 በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ መክሯል። ትራዞዶን ደግሞ ያለ ፍላጎት የቆመ ብልት እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ 4 ሰዓት ካለፈ ዘላቂ ጉዳት ስለሚያስከትል እፍረቱን ወደ ጎን ትቶ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ክኒኑን የት ላስቀምጥ? ችግር ሲገጥመኝስ ለማን ላሳውቅ?

ልጅ የማይደርስበት ቁልፍ ያለው ቦታ። በተለይ አሚትሪፕቲሊን፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከ25 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ ቢውጥ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ልብን ያውካል፤ ቤት ውስጥ ማስመለስ ወይም ወተት መጋት አይረዳም። ባዶውን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ስንት ፍሬ እንደጎደለ ይቁጠሩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የጎንዮሽ ጉዳት ለጤና ባለሙያ ወይም ለፋርማሲስት ሲነገር ባለሙያው በቢጫው ቅጽ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያሳውቃል፤ ነፃ የስልክ መስመሩ 8482 ነው። ሲደውሉ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥርና ደብተርዎ ላይ የጻፏቸውን ቀናት ያዘጋጁ።